ለአያቶቻችን ውጅግራ የሚሆነው ባሩድ የትኛው ነው?

የሸዋ ልጅ (ዴንቨር)
እሁድ ማታ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ።

ባለፈው ክረምት አንድ ውጅግራ ገዛሁ። ከኢትዮጵያ ወጥተው አሜሪካ ከገቡት የድሮ ጠመንጃዎች አንዱ ነው። አፈሙዙ ላይ 1877 ይላል። የተሠራው ፈረንሳይ፣ ሴንት ኤቲየን ነው። ሰደፉ ላይ ደግሞ በቢላ የተቀረጸች «ገ» የምትል ፊደል አለች። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሳልከራከር የገዛሁት በዚያች ፊደል ምክንያት ነው።

ቅድመ አያቴ ውጅግራ ነበረው። እኔ አልደረስኩበትም። አያቴ ግን ስለሱ ስታወራ «ከበሬው እኩል ነበር የሚታየው» ትል ነበር። ያ ንግግር ከልጅነቴ ጀምሮ አልወጣልኝም። አሁን አምስት ጥይት ብቻ በገዛ እጄ ሞልቼ መተኮስ እፈልጋለሁ።

ጥይቱ ሱቅ ገብቶ እንደሚገዛው ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ዕቃውን ለየብቻ አሰባሰብኩ። 20 አዲስ ቀልሃ አለኝ። አረሩ እርሳስ ነው፣ 25 ግራም። ፕራይመርም (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ክዳን) አግኝቻለሁ። የቀረኝ ባሩዱ ነው፤ ግራ የገባኝም እሱ ላይ ነው። አንድ ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ ሻጩ ጭስ አልባ የሚባለውን ዘመናዊ ባሩድ ከመደርደሪያ አነሳና «ትንሽ አድርግበት፣ ይሠራል» አለኝ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ብለው መልስ የለውም። ሳልገዛ ወጣሁ።

እናንተ ምን ትላላችሁ? ጥቁር ባሩድ ወይስ ጭስ አልባ? ጥቁር ከሆነስ የትኛው?

---

ቀልሃ ሰብሳቢ (ቨርጂኒያ)
እሁድ ማታ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ሳትገዛ መውጣትህም ደግ አደረግክ።

ባሩድ ከመምረጥህ በፊት ግን አንድ ነገር አጣራ። አፈሙዙ እውነት 11 ሚሊሜትር ነው? በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ፈረንሳዮች ጠመንጃ አጥሯቸው ነበር። መጋዘን ውስጥ ከነበሩት ውጅግራዎች የተወሰኑትን አፈሙዝ ቀየሩና ለቤል የሚባለውን የኋለኛውን ጠመንጃቸውን 8 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩሱ አደረጓቸው። ከውጭ ስታየው ያው ውጅግራ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ጠመንጃ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የባሩድ ምርጫ አያድነውም።

አለካኩ ቀላል ነው። መቀርቀሪያውን አውጣው። ከቀዳዳው ትንሽ ወፈር ያለ ንጹህ ለስላሳ እርሳስ ዘይት ቀብተህ፣ ከአፉ በኩል በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልክ እየመታህ በወዲያኛው በኩል አውጣው። ሲወጣ የአፈሙዙን ጠምዛዛ ቦዮች መልክ ይዞ ነው የሚወጣው። በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ለካው። አረርህ ከዚያ ልክ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ወፈር ማለት አለበት። አረሩ ከቀጠነ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል። ምርጥ ባሩድ ብታደርግበትም ኢላማውን አያገኘውም።

ሌላ ደግሞ፦ አካሉ ላይ «ኤም 80» የሚል ማኅተም ካለ ንገረን። በ1880 የተሻሻለ ነው ማለት ነው። ቀልሃ ቢቀደድ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ መውጫ ቦይ ተቆርጦለታል።

ለማያውቁ ልጨምር። ውጅግራ የሚለው ስም «ፊዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ፊዚ ጠመንጃ ነው። ግራ ደግሞ ጠመንጃውን በ1874 የሠራው የመኮንኑ የባዚል ግራ ስም ነው። እኛ አገር ገብቶ ውጅግራ ሆነ፤ ስናይደርም ሰናድር እንደሆነው።

---

የሸዋ ልጅ (ዴንቨር)
ሰኞ

ለካሁት። 11 ነው፣ 8 አይደለም። ቦዩ ላይ 11.35 ነው። ያሉኝ አረሮች 11.4 ናቸው። «ኤም 80»ም አለው። ደስ ብሎኛል።

---

ኢላማ (ዳላስ)
ሰኞ

እኔ ውጅግራ የለኝም። ግን ለ45-70 በጥቁር ባሩድ 9 ዓመት ሞልቻለሁ። 45-70 በ1873 የወጣ የአሜሪካ ጦር ጥይት ነው። ከውጅግራው ጋር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፣ ጠባያቸውም ይመሳሰላል። ስለዚህ ልናገር።

ጥቁር ባሩድ ነው። ጠመንጃውም ቀልሃውም የታሰቡት ለእሱ ነው። ፈረንሳዮች 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ከ25 ግራም አረር ጋር ነበር የሚያደርጉበት። አረሩ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ ይወጣል። የቀልሃው ሆድ የተለካው ለዚያ ባሩድ ነው።

አሁን ዓይነቱ። የጥቁር ባሩድ ማሸጊያ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ታያለህ። አንድ ኤፍ፣ ሁለት ኤፍ፣ ሦስት ኤፍ። ኤፍ በበዛ ቁጥር የባሩዱ ፍሬ ይደቅቃል። ፍሬው በደቀቀ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይነድዳል። ጭራሮና ግንድ አስብ። ጭራሮው ቦግ ይልና ያበቃል። ግንዱ ቀስ ብሎ ይያያዝና ይቆያል። 3ኤፍ ለሽጉጥና ለጠባብ አፈሙዝ ይመቻል። 25 ግራም እርሳስ የተሸከመ ትልቅ ቀልሃ ውስጥ ግን ቦግታው አይፈለግም። አረሩን ከኋላው ጠንክሮ ከሚመታው ይልቅ እየገፋ የሚያወጣው ነው የሚሻለው። ስለዚህ 1ኤፍ ወይም በ1ኤፍና በ2ኤፍ መሀል ያለው 1.5ኤፍ። 2ኤፍም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ግን እኔ መጀመሪያ የምገዛልህ 1.5 ነው።

ከየማን? የስዊሱ 1.5ኤፍ በጣም ንጹህ ነው። የሚተወው ጥላሸት ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይለቃል። ግን ውድ ነው። ደግሞም በአንድ መስፈሪያ ከሌሎቹ ይበረታል። የሌላ ባሩድ ልክ ይዘህ እንዳለ ወደ ስዊሱ አትገልብጠው፤ ዝቅ ብለህ ጀምር። ጎክስ የአሜሪካው ነው። ሉዊዚያና፣ ሚንደን ያለው ፋብሪካ በ2021 ሊዘጋ ነው ሲባል ሁላችንም ደንግጠን ነበር። በኋላ ሌላ ባለቤት ገዛውና ሥራው ቀጠለ። ከጀርመን የሚመጣው ሹትዘንም ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል።

ፓይሮዴክስና ትሪፕል ሰቨን የጥቁር ባሩድ ምትኮች ናቸው። በየሱቁ ስለሚገኙ ብዙ ሰው እነሱን ይገዛል። የሚለኩት በመስፈሪያ እንጂ በሚዛን አይደለም፤ ክብደታቸው ከጥቁር ባሩድ ስለሚቀል። ትሪፕል ሰቨን ደግሞ በመስፈሪያም ቢሆን ይበረታል። አምራቹ ራሱ ከመቶ 15 ቀንሱ ይላል። ለ1877 ጠመንጃ የማልመርጠው ለዚህ ነው።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ከባሩዱና ከአረሩ መሀል ባዶ ቦታ መኖር የለበትም። ባሩዱ እስከ አረሩ ቂጥ ድረስ ሞልቶ፣ በላዩ ክብ ካርቶን ተደርጎበት፣ ትንሽ ተጠቅጥቆ መቀመጥ አለበት። አዲሶቹ ቀልሃዎች ከድሮዎቹ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ስለዚህ የድሮው 5.25 ግራም እንዳለ ላይገባልህ ይችላል። አይክፋህ፣ አታስገድደውም። ቀልሃህ የሚይዘውን ያህል ነው የሚያዘው። እኔ 60 ሴንቲሜትር የሚሆን ቀጭን የናስ ቱቦ አለኝ። ባሩዱን በእሱ ውስጥ ቀስ አድርጌ አወርደዋለሁ። ፍሬዎቹ ከከፍታ ሲወርዱ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በእጅ ጠቅጥቀህ የማታገኘውን ቦታ ታገኛለህ።

---

ሲያትል 44
ሰኞ ማታ

እህታችን ያለችውን አከብራለሁ። ግን የሌላውም ወገን ይሰማ።

እኔ የምተኩሰው በአክዩሬት 5744 ነው። ጭስ አልባ ነው። ለድሮ ጥይቶች በዝቅተኛ ግፊት እንዲሠራ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ባሩድ ነው፤ በትላልቅ ቀልሃ ውስጥ ትንሽ ሆኖም በቀላሉ ይያያዛል። የአምራቹ መጽሐፍ ውስጥ ለ45-70ና ለመሰሎቹ ልኩ ተጽፏል። ከተኩስ በኋላ ጠመንጃዬን በሁለት ጨርቅ ወልውዬ አስቀምጣለሁ። ጥቁር ባሩድ የተኮሰ ሰው ማታውን በሙሉ ሲያጥብ ነው የሚያመሸው። ቤቴ ሁለት ሕፃናት አሉ። ሰዓቱ የለኝም።

ደግሞ የጥቁር ባሩድ አገኛኘት እንደ ጭስ አልባው አይደለም። አብዛኛው ሱቅ አይዝም። በኢንተርኔት ስታዝ የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ክፍያ አለ። ለአንድ ጠርሙስ ያንን መክፈል ያማል።

---

የድሮ ሰው (ሚኒሶታ)
ማክሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሲያትል፣ የቤትህን ሁኔታ እረዳለሁ። ለ45-70 ያልከው ትክክል ነው። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ልክ፣ ለዚያው ለተጻፈለት ጠመንጃ። ነገር ግን ውጅግራ ሌላ ነው። መቀርቀሪያውን አውጥታችሁ በደንብ እዩት። እንደ ማውዘር ከፊት ሁለት ጥርስ የለውም። ሲተኮስ ያንን ሁሉ ግፊት የሚሸከመው የእጀታው ሥር ነው፤ አንድ ጎን ብቻ። ፈረንሳዮች ጭስ አልባውን ባሩድ ካገኙ በኋላ በውጅግራው መቀርቀሪያ አልረኩም። ፖል ቪዬይ በ1884 ያንን ባሩድ ሠራ። በ1886 ለቤል የሚሉት አዲስ ጠመንጃ ሲወጣ መቀርቀሪያው ከፊት ሁለት ጥርስ ተደረገለት።

ሁለተኛው ነገር የቀልሃው ስፋት ነው። ጥቁር ባሩድ ሆዱን ይሞላል። ሁለት ጊዜ ልጨምርበት ብትሉ ይፈስሳል፣ ዐይናችሁ ያያል። ጭስ አልባው ግን ከታች ትንሽ ቦታ ይይዝና ሌላው ባዶ ነው። ስልክ ጮኸ፣ ሰው አናገረኝ ብላችሁ ያንኑ ቀልሃ ደግማችሁ ብትሞሉት ምንም አይታወቅም። አረሩ ይገባል፣ ከውጭ ያምራል። የሚታወቀው ቃታው ሲሳብ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ዛሬም ይቆጨኛል። ከ20 ዓመት በፊት አንድ ረሚንግተን ነበረኝ። ጠንካራ ጠመንጃ ነው፣ በጥቁር ባሩድ ነበር የምሞላው። ትከሻዬን እያመመኝ ስለነበር ባሩዱን በግማሽ ቀነስኩ። የቀረውን ቦታ በምንም አልሞላሁትም። አንድ ወዳጄ «ቢቀንስ ምን ይሆናል?» ብሎኝ አምኜው ነው። በሦስተኛው ጥይት ድምፁ ተለየብኝ። ቤት መጥቼ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ውስጡ ላይ ቀለበት ሠርቷል። አረሩ ከተቀመጠበት ትንሽ ፊት ለፊት፣ ብረቱ ወደ ውጭ አብጧል። ባሩዱ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ግፊቱ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ይመታል። በጣት ብትዳስሱት ከውጭም ይሰማል። 100 ዓመት የቆየ ጠመንጃ በእኔ እጅ በአንድ ቀን ተበላሸ።

ልጄ ዴንቨር፣ የአያትህ ወገን ለዚህ መሣሪያ በሬ ይሰጥ ነበር። ጥቁር ባሩድ ግዛ። ሙላው። አጥበው።

---

ሲያትል 44
ማክሰኞ

ጋሼ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። የመቀርቀሪያውን ነገር እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር። ለ45-70 በሐሳቤ እጸናለሁ። ለውጅግራ ግን ተሳስቼ ነበር። 5744 ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ ሌላ ሰው አይቶ እንዳይከተለኝ።

---

አዲስ ሞካሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ማክሰኞ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንድ ቦታ 81 የሚል አየሁ፣ እዚህ ደግሞ 5.25 ትላላችሁ። የትኛው ነው ልኩ?

---

ቀልሃ ሰብሳቢ (ቨርጂኒያ)
ማክሰኞ

ሁለቱም አንድ ናቸው። 5.25 ግራም ነው፣ 81 ደግሞ ግሬይን። አንድ ግራም 15.43 ግሬይን ነው። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ነው።

በደንብ መጠየቅህ በጣም ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ያደግነው በግራም ነው። የአሜሪካ የመሙያ መጽሐፍ በሙሉ በግሬይን ነው የሚጽፈው፤ የባሩዱንም የአረሩንም። «ግሬይን» የሚለው ቃል ደግሞ ፍሬ ማለትም ስለሆነ አንዳንዱ የባሩዱን ቅንጣት ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም፣ ክብደት ነው። ሚዛናችሁ ላይ ግራምና ግሬይን የምትቀይር ቁልፍ አለች። በስህተት ተነክታ ብትገኝ ልዩነቱ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። እኔ ሚዛኔ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በትልቁ «ግሬይን» ብዬ ጽፌበታለሁ። መሙላት ከመጀመሬ በፊት ክብደቱን የማውቀውን አረር ጭኜ አየዋለሁ። የ25 ግራሙ አረር 386 አካባቢ ካላሳየኝ አልጀምርም።

ሌላው ልማዴ፦ ጠረጴዛዬ ላይ ሁልጊዜ አንድ ባሩድ ብቻ ነው የሚኖረው። የተረፈው ወዲያው ወደ መጣበት ጠርሙስ ይመለሳል። ስሙ ያልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ የተገኘ ባሩድ፣ ምንም ቢመስል፣ አልጠቀምበትም። በመልክ አይለይም።

---

የጉለሌ (አዲስ አበባ)
ረቡዕ

ሰላም ለሁላችሁ። ጨዋታው ስለሳበኝ ነው የገባሁት። እኛ ቤት የአባቴ አባት ውጅግራ አለ፣ በፈቃድ የተያዘ። ከሱ ጋር 14 ጥይት በአሮጌ ዝናር ውስጥ ተቀምጧል። ሁለቱ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ከፍቼ ባሩዱን አይቼ ደርቆ ከሆነ ብጠቀምበትስ? ወይስ ቀልሃውን ብቻ ልጠቀምበት?

---

የድሮ ሰው (ሚኒሶታ)
ረቡዕ

ልጄ፣ አትክፈተው። አትተኩሰውም።

የዚያ ዘመን ፕራይመር ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ጥይቱ በተተኮሰ ጊዜ ሜርኩሪው ወደ ናሱ ይገባና ያሰባብረዋል። ከውጭ ጤነኛ የመሰለ ቀልሃ ሲተኮስ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ባንተ ዝናር ውስጥ ያሉት ደግሞ አንድ ጊዜ ተተኩሰው እንደገና የተሞሉ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ዘመን ቀልሃ የሚጣል ነገር አልነበረም። ጥይት ራሱ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር፤ በጨው ፈንታ፣ በብር ዝርዝር ፈንታ ይሰጣል፣ ይመለሳል። ከስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ በውስጡ ምን እንደተሞላ ናሱ አይነግርህም።

---

ቀልሃ ሰብሳቢ (ቨርጂኒያ)
ረቡዕ

የጉለሌው ወንድሜ፣ ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ እዚህ የምናወራው በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ሆነን ነው። እዚህ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራል ሕግ እንደ ቅርስ መሣሪያ ነው የሚታየው። ለቅርስ መሣሪያ የሚሆን ጥቁር ባሩድም ለራስ መዝናኛ እስከ 50 ፓውንድ ያለ ፈቃድ መግዛት ይቻላል። ቤት ውስጥ አቀማመጡ ግን እንደ ከተማው ይለያያል፣ ቀድሞ መጠየቅ ነው። አንተ ዘንድ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። የኛን ወሬ ይዘህ ጥይት ልሙላ እንዳትል። ፈቃድህ ምን እንደሚል እዩት ብለህ ለሚመለከተው ፖሊስ ጠይቅ። ዝገት ያወጡትንም ምን ላድርግ ብለህ እነሱኑ ጠይቃቸው፤ ራስህ እንዳትነካካ።

ውጅግራውን ግን ጠብቀው። እንጨቱን በትንሽ የተልባ ዘይት አሸው። ብረቱን በጠመንጃ ዘይት። በአሸዋ ወረቀት እንዳትፍቀው። አንተ ቆሻሻ የመሰለህ የሰው እጅ ነው፣ 100 ዓመት ሙሉ የያዘው እጅ።

---

የጉለሌ (አዲስ አበባ)
ረቡዕ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጣቢያ እሄዳለሁ። የአሸዋ ወረቀቱን ነገር በወቅቱ ነው የነገርከኝ፤ ገዝቼ ተቀምጦ ነበር።

---

የሸዋ ልጅ (ዴንቨር)
ሐሙስ

የስዊሱን 1.5ኤፍ አዘዝኩ፣ ሁለት ፓውንድ። አንድ ጓደኛዬ አብሮኝ ስላዘዘ የማጓጓዣውን ክፍያ ተካፈልን። ሲያትል ስለ ክፍያው የጻፍከው ጠቀመኝ።

አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። ለአረሩ ቅባት ምን ላድርግ? ከተኩስ በኋላስ አስተጣጠቡ እንዴት ነው?

---

ኢላማ (ዳላስ)
ሐሙስ

ቅባቱን ከቤትህ ታወጣዋለህ። ንጹህ የንብ ሰምና የበግ ሞራ። እኔ እኩል በእኩል አደርጋለሁ። ዳላስ በጋው ስለሚያቃጥል ሰሙን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ፣ አለዚያ ይቀልጣል። አንተ ዘንድ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞራው ይብለጥ። ሞራውን ጨው ያልነካው አድርገው። ጨው የገባበት ቅባት ብረት ይበላል። ሁለቱን በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጣቸው። እሳቱ ላይ በቀጥታ አታድርግ። ባሩዱም በዚያ ቀን ሌላ ክፍል ይሁን፣ ምድጃ ባለበት ቤት ውስጥ አይታይ።

ከነዳጅ ዘይት የተሠሩ ዘመናዊ ቅባቶች ከጥቁር ባሩድ ጋር አይስማሙም። ጥላሸቱን እንደ ሬንጅ ያጠነክሩታል። ሰምና ሞራ ግን ያለሰልሱታል። ፈረንሳዮችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነበር። ሽታው ጧፍ የበራበት ቤት ያስታውሰኛል።

እጥበቱ እንደሚያስፈሩህ አይደለም። ጥላሸቱ እርጥበት ከአየር ይስባል፣ አንድ ሌሊት ብታሳድረው ጠዋት ዝገት ታገኛለህ። ስለዚህ በዚያው ቀን መታጠብ አለበት። ግን የሚያስፈልግህ ሙቅ ውሃና ትንሽ ሳሙና ነው። መቀርቀሪያውን አውጣ። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክረህ በዘንጉ አመላልሰው። ውሃው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ንጹህ። በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ ብረቱ ገና ሙቅ እያለ ዘይት ቀባው። 20 ደቂቃ። ቀልሃዎቹንም ሜዳ ላይ እያለህ ሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣላቸው። ቤት ስትደርስ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ለመጀመሪያው ቀን አምስት ብቻ ሙላ። ኢላማህን 50 ያርድ ላይ አድርገው፣ ሰፊ ወረቀት ይሁን። የጦር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ የተለካው ለሩቅ ነው። ቅርብ ላይ ወደ ላይ ይመታብሃል።

---

የሸዋ ልጅ (ዴንቨር)
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ

ተኮስኩት።

ባሩዱን ከሞላሁ በኋላ አምስቱንም ቀልሃ እየመዘንኩ አየኋቸው። የቀልሃዬ ሆድ 74 ግሬይን ላይ ነው ሞልቶ ካርቶኑን የያዘው። 81 አልገባም፣ እኔም አልታገልኩም። በጥሞና አንድ በአንድ አደረግኩት። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ።

ጠዋት ሜዳው ላይ ብርድ ነበር፣ ነፋስ የለም። የመጀመሪያውን ከትከሻዬ አልተኮስኩትም። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስሬ በረጅም ገመድ ቃታውን ሳብኩት። ጋሼ በውስጥ መልእክት እንዲህ አድርግ ብለውኝ ነው። ቀልሃውን አውጥቼ አየሁ። አልሰነጠቀም፣ ፕራይመሩም ወደ ኋላ አልወጣም። ከዚያ ሁለተኛውን ከትከሻዬ።

ድምፁ ከጠበቅኩት ሌላ ነው። ዘመናዊ ጠመንጃ ጆሮ ይወጋል። ይሄ ወፍራም ነው፣ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ትከሻን ሲመታም እንደ ቡጢ ሳይሆን እንደ ሰው ግፊያ ነው። ከዚያ ጭሱ። ነጭ፣ ወፍራም፣ የድኝ ሽታ ያለው። ነፋስ ስላልነበረ ከፊቴ ቆሞ ቀረ። ኢላማውን ለማየት ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ነበረብኝ። እዚያ ቆሜ ዓድዋ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888፣ ይህ ጭስ ስንት ጊዜ ከስንት አፈሙዝ እንደወጣ አሰብኩ። በዚህ ጭስ ውስጥ ሆነው ማየትና መሙላት፣ እንደገና ማየት። አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚይዘው። ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ብቻ አይደለም።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከማነጣጠሪያዬ ወደ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው፣ እርስ በርሳቸው ግን ተቀራርበው ገቡ፤ መዳፌ ይሸፍናቸዋል። አራተኛው ወደ ቀኝ ሸሸ። አምስተኛው የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው። በነገራችን ላይ አምስተኛውን ሳስገባ መቀርቀሪያው ከበድ አለኝ።

ምን አጠፋሁ? ባሩዱን ልቀይር?

---

ኢላማ (ዳላስ)
ቅዳሜ ማታ

ባሩዱን እንዳትነካ። ባሩድህ ደህና ነው፤ ሁለቱ ጥይቶች ተቀራርበው ነው የገቡት። አራተኛውን ያሸሸብህ ጥላሸቱ ነው። ዴንቨር አየሩ ደረቅ ነው። በደረቅ አየር ጥላሸቱ ቶሎ ይጠነክርና የአፈሙዙን ቦይ ይሞላዋል። አረሩ መያዣ ያጣል። መቀርቀሪያው የከበደህም በዚያው ነው።

በየተኩሱ መሀል እፍ በልበት። ቀልድ አይደለም፣ የድሮ የውድድር ተኳሾች ሁሉ ያደርጉታል። አንድ ባዶ ቀልሃ ውሰድ፣ ቂጡን በስተህ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባበት። ከተኮስክና ቀልሃውን ካወጣህ በኋላ መቀርቀሪያውን አውጥተህ፣ ያንን ባለ ቱቦ ቀልሃ ከኋላ ቦታው ላይ አስገባና ሦስት አራት ጊዜ በረጅሙ ተንፍስበት። የትንፋሽህ እርጥበት ጥላሸቱን ያለሰልሰዋል። በዴንቨር አየር ስድስት ሰባት ጊዜም ተንፍስ። በአፍ በኩል ግን በፍጹም፤ አፍህን ወደ ጠመንጃ አፍ አታስጠጋ፣ ባዶ ቢሆንም።

ከፍ ብሎ የመታህን አሁን ተወው። መጀመሪያ አምስቱም አንድ ቦታ ይግቡ።

---

የድሮ ሰው (ሚኒሶታ)
እሁድ ጠዋት

ደስ አሰኘኸኝ ልጄ። እሷ ያለችውን አድርግ። ሌላ አምስት ሙላ፤ ባሩዱ ያው፣ ልኩ ያው 74። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይር።

አጥበኸዋል?

---

የሸዋ ልጅ (ዴንቨር)
እሁድ ጠዋት

አዎ ጋሼ። ትናንትናውኑ፣ በሙቅ ውሃ። «ገ»ዋም ላይ ተልባ ዘይት ጠብ አድርጌባታለሁ።